ፕሮቫንን በአንድ ቀን ጎብኝቶ መመለስ፦ ከፓሪስ ተነስታችሁ ደረጃ በደረጃ

ፓሪስ የሰነበተ ሐበሻ "ከከተማው ወጣ ብዬ አንድ ጥንታዊ የገጠር ከተማ ልይ" ሲል ብዙ ጊዜ የሚጠቆመው ፕሮቫን ነው። በባቡር አንድ ሰዓት ተኩል አይሞላም፣ ቲኬቱ ርካሽ ነው፣ ከ2001 ጀምሮም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ አለ። ሄደው የተመለሱትን ስትጠይቁ ግን ስንቱ የሚያወራው ስለተዘጋ በር ነው። ምሳ ፈልጎ ያጣ አለ፣ ዋሻው ሞልቷል የተባለ አለ፣ ታችኛው ሰፈር ሲዞር ውሎ ላይኛውን ከተማ ሳያይ የተመለሰም አለ።

ምክንያቱ ብዙ አይደለም። ፓሪስ ውስጥ በፈለጉት ሰዓት ወጥቶ የሆነ ነገር ማግኘት ይቻላል። የፈረንሳይ ትንሽ ከተማ በሰዓት ይከፈታል፣ በሰዓት ይዘጋል፣ ባቡሩም በየደቂቃው አይመጣም። ስለዚህ ቀኑን ከመመለሻው ባቡር ጀምራችሁ ወደ ኋላ አቅዱት። ከታች ያለው ቅደም ተከተል በሙሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

ሰዓቱን ሁሉ በፈረንሳይ አጻጻፍ አስቀምጫለሁ። 14:00 ሲል በእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። በሁለቱ አቆጣጠር መካከል እየቀያየራችሁ አታስቡ፤ ስልካችሁን በ24 ሰዓት አድርጉና ለዚያ ቀን በዚያው ቆዩ።

ከሁሉ በፊት፦ የትኛው ፕሮቫን?

ፕሮቫን ከፓሪስ ደቡብ ምሥራቅ፣ በሴን ኤ ማርን አውራጃ ያለች 12,000 ገደማ ነዋሪ ያላት ከተማ ናት። ፕሮቫንስ ደግሞ በሜዲትራኒያን በኩል ያለ ሰፊ ክልል ነው። በኢንተርኔት ስትፈልጉ ሁለቱ ይደባለቃሉ። የባቡሩ ዋጋ አሥር ዩሮን ሲያልፍ፣ ወይም መነሻው "ጋር ደ ሊዮን" ሲል ካያችሁ ወደ ደቡብ እየሄዳችሁ ነውና አቁሙ። የእኛ መነሻ "ጋር ደ ሌስት" የሚባለው የፓሪስ ባቡር ጣቢያ ነው።

ደረጃ 1፦ ቀኑን ምረጡ

1. ከተቻለ ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር ባለው ጊዜ ሂዱ። የአሞራና የንስር ትርኢቱም፣ የፈረሰኞቹ ትርኢትም የሚታየው በዚህ ወቅት ነው። በክረምት ቅርሶቹ የሚከፈቱበት ሰዓት ያጥራል፣ ብርሃኑም ቶሎ ይጠፋል።

2. ቅዳሜን አስቀድሙ። ጠዋት ታችኛው ከተማ ገበያ አለ፣ ምግብ ቤቱም አብዛኛው ክፍት ነው። ሰኞና ማክሰኞ ብዙ ምግብ ቤቶች የሚያርፉባቸው ቀናት ናቸው። እሁድ ምሳ ይገኛል፣ ከሰዓት በኋላ ግን ሱቁ ይዘጋል።

3. የፈረንሳይ በዓላትን ተመልከቱ። ሜይ 1፣ ሜይ 8፣ ጁላይ 14፣ ኦገስት 15፣ ኖቬምበር 1 እና 11 ዋናዎቹ ናቸው። ከሁሉ የሚከብደው ሜይ 1 ነው፤ ያን ቀን አትሂዱ።

4. በጁን ወር አንድ ቅዳሜና እሁድ ትልቅ የመካከለኛው ዘመን በዓል አለ። ሰው ሁሉ የዚያን ዘመን ልብስ ለብሶ ይወጣል። ማየት ከፈለጋችሁ ጥሩ ነው፤ ቅጥሩንና ቤቱን በጸጥታ ማየት ለፈለገ ግን ያ ቀን አይሆንም። ለበዓሉ ከሄዳችሁ በጠዋቱ የመጀመሪያ ባቡሮች ተሳፈሩ፤ ቆይቶ መቀመጫ አይገኝም።

ደረጃ 2፦ ሰነድ

የሸንገን አገር የመኖሪያ ፈቃድ ያላችሁ ፓስፖርቱንና ፈቃዱን ይዛችሁ ሂዱ፤ ሌላ ቪዛ አያስፈልግም። የአሜሪካ ወይም የእስራኤል ፓስፖርት የያዘም ለአጭር ጉብኝት ያለ ቪዛ ይገባል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዞ ከአዲስ አበባ፣ ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ወይም ከእንግሊዝ የሚመጣ ግን የሸንገን ቪዛ የግድ ነው። የእንግሊዝ መኖሪያ ፈቃድ ፈረንሳይ አያስገባም። ማመልከቻው ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ይቀበላሉ፣ ቢዘገይ 15 ቀን ሲቀር ነው። ክፍያው ከጁን 2024 ጀምሮ ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፤ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስም ይጠየቃል።

ማስጠንቀቂያ፦ "ሻርል ደ ጎል ላይ ስምንት ሰዓት ትራንዚት አለኝ፣ ወጣ ብዬ እመለሳለሁ" የሚል ሐሳብ አትያዙ። ለኢትዮጵያ ፓስፖርት አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ለመቆየት እንኳ በአብዛኛው የትራንዚት ቪዛ ያስፈልጋል። የሸንገን ቪዛ ቢኖራችሁም ስምንት ሰዓት ለፕሮቫን አይበቃም።

ደረጃ 3፦ ቲኬት

ገንዘብም ጊዜም የሚባክነው እዚህ ላይ ስለሆነ በጥንቃቄ አንብቡት።

1. ፕሮቫን የፓሪስ ክልል (ኢል ደ ፍራንስ) ጫፍ ላይ፣ ዞን 5 ውስጥ ናት። ስለዚህ የምትሄዱት በፓሪስ ክልል ትራንስፖርት ነው፤ የረጅም ርቀት ቲኬት አትግዙ።

2. "ናቪጎ ኢዚ" የሚባለውን ካርድ በሜትሮ ጣቢያ ግዙ። ባዶ ካርዱ 2 ዩሮ ነው፣ ፎቶም ስምም አይጠይቅም።

3. ካርዱ ላይ "ሜትሮ-ትራን-ኤርኡኤር" የሚለውን ቲኬት ጫኑ። ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ቲኬቱ በክልሉ ሁሉ አንድ ዋጋ ሆኗል፤ በዚያ ዓመት 2.50 ዩሮ ነበር፣ በየዓመቱ መጀመሪያ ትንሽ ይጨምራል። ማሽኑ ላይ አጠገቡ ያለው "ቢስ-ትራም" የሚለው ቲኬት ለአውቶቡስና ለትራም ብቻ ነው። እሱን ጭናችሁ ባቡር በር ላይ ብትቆሙ አይከፍትላችሁም።

4. የመመለሻውንም እዚያው ፓሪስ ጫኑ። ፕሮቫን ጣቢያ ስትደርሱ መስኮቱ ተዘግቶ፣ ማሽኑ ፊት ሰልፍ ተሠርቶ፣ ባቡሩ ሊነሳ ሦስት ደቂቃ ሲቀረው ልታገኙት ትችላላችሁ።

5. ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ካርድ ያስፈልጋል። ባልና ሚስት በአንድ ካርድ ተራ በተራ አስነክተው ማለፍ አይፈቀድም፤ ተቆጣጣሪ ሲመጣ አንዱ ቲኬት እንደሌለው ነው የሚቆጠረው። ከ4 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት አይከፍሉም።

6. የሳምንት ወይም የወር ናቪጎ ለሁሉም ዞን ያላችሁ ምንም አትግዙ፤ ያው ካርድ ፕሮቫን ያደርሳል።

በዚያው ቀን ፓሪስ ውስጥ ሌላ ብዙ ጉዞ ካለባችሁ የቀን ፓስ አስቡ። በ2025 12 ዩሮ ነበር። ወደ ፕሮቫን ሄዶ ለመመለስ ብቻ ግን ሁለት ነጠላ ቲኬት ይረክሳል።

ደረጃ 4፦ ከጉዞው በፊት ባለው ምሽት

1. "ኢል ደ ፍራንስ ሞቢሊቴ" የሚለውን አፕ ክፈቱና ወደ ፕሮቫን የሚሄደውን ባቡር፣ የመስመር ፒን (P) የነገ ሰዓት እዩ። ባቡሩ በአብዛኛው በሰዓት አንድ ነው። "ትራቮ" የሚል ቃል ካያችሁ የሐዲድ ጥገና አለ ማለት ነው። በተለይ በምሽትና በሳምንት መጨረሻ ባቡሩ በከፊል በአውቶቡስ ይተካል፣ መንገዱም ይረዝማል። ጥገና ካለ ቀኑን መቀየር ይሻላል።

2. የመመለሻ ባቡራችሁን ምረጡ። ከእሱ በኋላ ቢያንስ አንድ ሌላ ባቡር ያለው ይሁን። የመጨረሻውን ባቡር ዕቅድ አታድርጉት፤ መጠባበቂያ አድርጉት።

3. ሁለቱንም ሰዓት በወረቀት ጻፉ። ስልክ ቀኑን ሙሉ ፎቶ ሲያነሳ ውሎ ማታ ይሞታል።

4. የፕሮቫን ቱሪዝም ቢሮ ድረ ገጽ ላይ የዚያን ቀን ሦስት ሰዓት ፈልጉ፦ የዋሻው ጉብኝት፣ የንስሮቹ ትርኢት፣ የፈረሰኞቹ ትርኢት። እንደ ቀኑ ይለዋወጣሉና ያለፈ ዓመት የሄደ ጓደኛችሁ የነገራችሁን አትመኑ።

5. ትርኢቱንና "ፓስ ፕሮቫን" የሚባለውን በኢንተርኔት ግዙ። ፓሱ ግንቡን፣ ዋሻውን፣ የአሥራት ጎተራውንና ሙዚየሙን ያስገባል። ትርኢቶቹ ለብቻቸው ይከፈላሉ። ሁለት ቦታ ብቻ የምታዩ ከሆነ ፓሱ አያዋጣም፤ በር ላይ ክፈሉ።

6. ምሳ ላይኛው ከተማ መብላት ከፈለጋችሁ በተለይ ለእሁድ ጠረጴዛ ያዙ።

ቦርሳ ውስጥ የሚገባው፦ መንገዱ ዳገትና ኮብልስቶን ስለሆነ የማያንሸራትት ጫማ፣ ዋሻው በኦገስትም ስለሚቀዘቅዝ ሹራብ፣ የውሃ ጠርሙስ፣ ጥቂት ሳንቲም። የሕፃን ጋሪ ይዛችሁ ከሆነ ግንቡም ዋሻውም ደረጃ ስላላቸው ሕፃኑ የሚታዘልበትን ያዙ። አንቀልባ ካላችሁ ከሁሉ ይሻላል።

ሻንጣ አትያዙ። ከአየር ማረፊያ በቀጥታ የምትመጡ ከሆነ ጋር ደ ሌስት ውስጥ በክፍያ ሻንጣ የሚቆለፍባቸው ሳጥኖች አሉ። ከሻርል ደ ጎል በኤርኡኤር ቤ (RER B) ባቡር "ጋር ዱ ኖር" ጣቢያ ድረስ መጥታችሁ፣ ከዚያ ወደ ጋር ደ ሌስት የአሥር ደቂቃ እርምጃ ነው፤ ወይም በሜትሮ 4 አንድ ፌርማታ። የአየር ማረፊያው ቲኬት ግን ሌላ ነው፣ በጣም ይወደዳል፤ ለፕሮቫን ከጫናችሁት ጋር አታምታቱት።

ደረጃ 5፦ ጋር ደ ሌስት ላይ

1. ከ8:00 እስከ 9:00 ባለው ጊዜ የሚነሳ ባቡር ያዙ። ዋሻውና ግንቡ ሰው ሳይበዛባቸው የምትደርሱት እንደዚህ ነው።

2. ባቡሩ ከመነሳቱ 20 ደቂቃ በፊት ጣቢያው ውስጥ ሁኑ። ጣቢያው ሰፊ ነው፣ ወደ ጀርመንና ወደ ስትራስቡርግ የሚሄዱት ፈጣን ባቡሮችም እዚያው ናቸው። "ትራንዚሊያን" እና "P" የሚለውን ምልክት ተከተሉ።

3. የመሳፈሪያው ቁጥር ሰሌዳው ላይ የሚወጣው ጥቂት ደቂቃ ሲቀር ነው። ሳይወጣ በግምት ሄዳችሁ አንድ ባቡር ውስጥ አትቀመጡ።

4. የመጨረሻውን ጣቢያ ስም አንብቡ። መስመር ፒ ቅርንጫፉ ብዙ ነው፤ ወደ ሞ፣ ወደ ሻቶ ቲዬሪ፣ ወደ ኩሎምዬ የሚሄዱትም "P" ናቸው። ፊደሉ አንድ ስለሆነ ብቻ የሚሳሳተው ሰው ብዙ ነው። ትክክለኛው ባቡር መጨረሻው ላይ "ፕሮቫን" ይላል፣ መሃል ላይም ናንዢ እና ሎንግቪል ይጠራሉ።

5. ካርዱን አስነክታችሁ ግቡ። አንድ ቲኬት ከመጀመሪያው ማስነካት እስከ መጨረሻው ሁለት ሰዓት ነው የሚሠራው። ከሜትሮ ወጥታችሁ ቡና ስትጠጡ ጊዜው ካለፈ ባቡሩ በር ላይ አዲስ ቲኬት ሊቆረጥባችሁ ይችላል። ቡናውን ሜትሮ ሳትገቡ ጠጡት።

6. እስከ መጨረሻው ጣቢያ አትውረዱ። ከፕሮቫን በፊት ያለው ጣቢያ "ሻምቤኑዋ ፑዋኚ" ነው፤ ሰው ቦርሳውን አንስቶ ሲወጣ አይታችሁ አብራችሁ አትነሱ።

ደረጃ 6፦ ከጣቢያው ወደ ላይኛው ከተማ

ጣቢያው ያለው ታችኛው ከተማ ውስጥ ነው። ልታዩት የመጣችሁት አብዛኛው ነገር ላይኛው ላይ ነው። በምልክቶቹ ላይ "ቪል ባስ" ታችኛው፣ "ቪል ኦት" ላይኛው ነው። "ሲቴ ሜዲዬቫል" የሚል ቀስት ካያችሁም ወደ ላይ የሚወስደው እሱ ነው።

በእግር ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ነው፣ የመጨረሻው ክፍል ዳገት ነው። ቀና ስትሉ ሁለት ነገር ይታያል፦ ሾጣጣ ጣሪያ ያለው ግንብ (ቱር ሴዛር) እና ክብ ጉልላት ያለው ቤተ ክርስቲያን (ሳን ኪርያስ)። ስልኩ ቢያደናግራችሁ እነዚህን እያያችሁ ሂዱ፤ ሩ ሳን ቲቦ የሚባለው መንገድ ወደ ላይ ያወጣችኋል።

በመንገዱ ላይ ሁለት ነገር ብቻ አድርጉ። ዳቦ ቤት አይታችሁ ምሳችሁን በእጅ መያዝ ከፈለጋችሁ አሁን ግዙ፣ ላይኛው ከተማ ምርጫው ያንሳል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። ሌላው ሽንት ቤት ነው፤ ካፌ ገብታችሁ አንድ ኤስፕሬሶ አዝዛችሁ ተጠቀሙ። ከዚያ ውጪ ታችኛውን ከተማ ማታ ስትመለሱ ታዩታላችሁና አትቁሙ።

ዳገት የማይችሉ እናት ወይም አባት ይዛችሁ ከሆነ ታክሲውን ከፓሪስ ሳትነሱ በስልክ ቅጠሩ። ጣቢያው ፊት ተሰልፎ የሚጠብቅ ታክሲ አገኛለሁ ብላችሁ አትውጡ።

ስለ "ቦንዡር"

ይህ ራሱን የቻለ ደረጃ ሊሆን ይገባው ነበር። ትንሽ ከተማ ውስጥ ሱቅ፣ ዳቦ ቤት፣ የቲኬት መስኮት ስትደርሱ መጀመሪያ "ቦንዡር ማዳም" ወይም "ቦንዡር ሙሲዩ" በሉ። ከዚያ መልሱን ጠብቁ። እሷም "ቦንዡር" ካለች በኋላ ብቻ ጥያቄው ይመጣል፦ "ዱ ቢዬ፣ ሲል ቩ ፕሌ" (ሁለት ቲኬት እባክዎ)። ሰላም ሳይሉ በእንግሊዝኛ "ሁለት ቲኬት" ብሎ የሚጀምር ሰው ጀርባ ይሰጠዋል፣ ከዚያ "ዘረኞች ናቸው" ብሎ ይመለሳል። አንዳንዱ በእርግጥ ክፉ ሊሆን ይችላል። አብዛኛው ግን የሚጠብቀው ሰላምታውን ነው፤ እኛም እኮ ሰላም ሳይለን ዋጋ የሚጠይቅ ሰው አንወድም።

ደረጃ 7፦ ከጠዋቱ 10:00 እስከ 12:00

1. መጀመሪያ ወደ ዋሻው (ሱተራን)። መግቢያው ሩ ሳን ቲቦ ላይ፣ የድሮው ሆስፒታል ሕንፃ ውስጥ ስለሆነ ስትወጡ መንገዳችሁ ላይ ነው። የሚገባው በተወሰነ ሰዓት በቡድን ነው። ቀጣዩን ሰዓት ጠይቁና ቦታ ያዙ። ሁሉንም ትታችሁ ይህን የምታስቀድሙት ቦታው ውስን ስለሆነ ነው፤ ከሰዓት በኋላ "ሞልቷል" የሚባለው እዚሁ ነው።

2. ዋሻው ጠባብ ነው፣ ግድግዳው ላይ የቆዩ ሥዕሎችና ጽሑፎች ተጭረውበታል። ገለጻው ብዙውን ጊዜ በፈረንሳይኛ ነው፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት እንዳለ ጠይቁ። ጠባብ ቦታ የሚያስጨንቀው ሰው አይግባ፤ መሃል ላይ ቡድኑን ትቶ መመለስ አስቸጋሪ ነው።

3. ለመግባት 40 ደቂቃ የሚቀር ከሆነ ቆማችሁ አትጠብቁ። ወደ ቱር ሴዛር ውጡ፣ ቅርብ ነው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ግንብ ነው፣ የሳን ኪርያስ ቤተ ክርስቲያን ደወሎችም የተሰቀሉት እዚህ ነው። ደረጃው ጠባብና ጠመዝማዛ ስለሆነ ወራጅ ሲመጣ ግድግዳ ተጠግታችሁ አሳልፉ፤ ትልቅ የጀርባ ቦርሳ ወደ ፊት አዙሩ። ከላይ ስትሆኑ የቅጥሩን መስመር በዓይናችሁ ተከተሉ፣ ከሰዓት የምትሄዱበት መንገድ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

4. ሳን ኪርያስ ከግንቡ ጥግ ነው፣ መግቢያው ነፃ ነው። አሥር ደቂቃ ይበቃዋል። ቅዱሱ ሕፃኑ ቂርቆስ አይደለም፤ በመስቀሉ ታሪክ ለንግሥት እሌኒ ቦታውን ያመለከተው ሽማግሌ ኪራኮስ ነው። ደመራ ያበራ ሰው በሩ ላይ ቆሞ ዝም ብሎ አያልፍም። ቅዳሴ ወይም ቀብር ካለ ግን ፎቶ አታንሱ።

ደረጃ 8፦ ምሳ፣ በሰዓቱ

የፕሮቫን ጉዞ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በዚህ ነው።

1. በ12:00፣ ቢዘገይ በ12:30 ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። ፕላስ ዱ ሻቴል የሚባለው አደባባይ ዙሪያ ምግብ ቤቶች አሉ። ማዕድ ቤቱ 13:30 ወይም 14:00 ሲል ይዘጋል። በ14:15 ብትገቡ ወንበር ባዶ ሆኖ፣ ሰው ቡና እየጠጣ እያያችሁ "ማዕድ ቤቱ ዘግቷል" ትባላላችሁ። መለመን አይሠራም። ማታ እስከ 19:00 ድረስም አይከፍትም።

2. በር ላይ ያለውን ሰሌዳ አንብቡ። "ፕላ ዱ ዡር" የዕለቱ ምግብ ነው። "ፎርሙል" ሁለት ወይም ሦስት ምግብ በአንድ ዋጋ ነው፣ በአብዛኛው ከሁሉ የሚያዋጣው እሱ ነው።

3. ውሃ ስታዝዙ "ዩን ካራፍ ዶ" በሉ። የቧንቧ ውሃ በነፃ ማቅረብ በሕግ ግዴታ ነው። "ውሃ" ብቻ ካላችሁ በጠርሙስ መጥቶ ሒሳብ ላይ ይጻፋል።

4. ሒሳቡን ራሳችሁ ጠይቁ፦ "ላዲሲዮን፣ ሲል ቩ ፕሌ"። ሳትጠይቁ አያመጡም፤ ረስተዋችሁ አይደለም። የአገልግሎት ክፍያ ዋጋው ውስጥ አለ፣ ጉርሻ ግዴታ አይደለም። ትርኢት ካላችሁ ምግቡ እንዳለቀ፣ ቡናው ሲመጣ አብራችሁ ጠይቁ።

ለጾመኛ፦ ረቡዕ፣ ዓርብ ወይም ዐቢይ ጾም ላይ ከሆናችሁ የገጠር ምግብ ቤት ላይ አትመኩ። "ቬጀታሪያን" ስትሉ አይብና ቅቤ ይመጣል። "ሳን ቪያንድ፣ ሳን ኧፍ፣ ሳን ሌ፣ ሳን ቤር" (ያለ ሥጋ፣ ያለ እንቁላል፣ ያለ ወተት፣ ያለ ቅቤ) ብላችሁ ዘርዝሩ። ከዚያ የሚቀረው ብዙውን ጊዜ ሰላጣና ድንች ነው። ይልቅ ታችኛው ከተማ ካለው ዳቦ ቤት "ባጌት ትራዲሲዮን" ግዙ፤ በ1993 በወጣው ደንብ መሠረት የሚሠራው ከዱቄት፣ ከውሃ፣ ከጨውና ከእርሾ ነው። ቲማቲም፣ ወይራና ፍራፍሬ ከገበያ ጨምሩና ቅጥሩ ሥር ሣር ላይ ብሉ። ክሯሳንና ፓን ኦ ሾኮላ በቅቤ የተሞሉ ናቸው። የከተማዋ ልዩ የሆነው የጽጌረዳ ማርማላት ግን ከአበባና ከስኳር ስለሚሠራ ይሆናል።

ደረጃ 9፦ ከሰዓት በኋላ

ከአደባባዩ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሳን ዣን በር ሂዱ። በመንገዱ ላይ የአሥራት ጎተራው (ግራንዥ ኦ ዲም) አለ፤ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ የድንጋይ ቤት ነው፣ ውስጡ ነጋዴና ባለሙያ የሚያሳዩ ምስሎች ቆመዋል። ልጆች ይወዱታል፤ አዋቂ በግማሽ ሰዓት ይጨርሰዋል።

ከሳን ዣን በር ጀምሮ ቅጥሩን ተከተሉ። ዛሬ ቆሞ የሚገኘው 1,200 ሜትር ገደማ ሲሆን ወደ ዡዊ በር ይወስዳል። ከውጭ በኩል ሣሩ ላይ ሄዳችሁ ከውስጥ ተመለሱ፤ ከውጭ ሲታይ ነው ቁመቱ የሚገባችሁ። ወደ ቅጥሩ የሚያወጣው ደረጃ ላይ መደገፊያ የሌለበት ቦታ አለና የልጅ እጅ አትልቀቁ።

ትርኢት ከያዛችሁ ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። ንስሮቹ ከተመልካች ራስ በላይ ዝቅ ብለው ይበራሉ፤ ሳንድዊች በእጃችሁ አትያዙ፣ ውሻም አታስገቡ። በአንድ ከሰዓት ሁለቱንም ትርኢት ለማየት የሰዓቱ ክፍተት ቢያንስ አንድ ሰዓት ይሁን። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ምረጡ ካላችሁኝ የአሞራዎቹን እላለሁ፤ የፈረሰኞቹ ንግግር ስለሚበዛበት ፈረንሳይኛ ለማይሰማ ሰው ይረዝምበታል።

ደረጃ 10፦ መመለስ

1. ከሳን ዣን በር እስከ ጣቢያው 35 ደቂቃ ያዙ። ቁልቁል ቢሆንም ኮብልስቶን ላይ ሲደክሙ ይዘገያል፣ ዝናብ ካለ ደግሞ ያንሸራትታል።

2. ባቡራችሁ 17:45 ከሆነ 16:45 ላይ መውረድ ጀምሩ። የተረፈው ጊዜ ለታችኛው ከተማ ነው፦ የሳን ታዩል ቤተ ክርስቲያን ፊት ያለው አደባባይ፣ የሚገዛ ካለ ሱቅ።

3. አይብ የምትገዙ ከሆነ በመጨረሻ ግዙ። ብሪ ለአንድ ሰዓት ተኩል በሞቀ ባቡር ውስጥ ሲቀመጥ ጎረቤታችሁ ቦታ ይቀይራል።

4. ጣቢያው ላይ 10 ደቂቃ ቀድማችሁ ሁኑ፣ ካርዱን አስነኩ፣ ፓሪስ እስክትወጡ ድረስ ኪሳችሁ ውስጥ ይቆይ። ተቆጣጣሪ መንገድ ላይም መውጫ ላይም ሊጠይቅ ይችላል።

ቢበላሽስ?

የተሳሳተ ባቡር ውስጥ ነኝ። የባቡሩ መጨረሻ "ፕሮቫን" ካልሆነ በቀጣዩ ጣቢያ ውረዱና ወደ ፓሪስ ተመለሱ። "ከዚህ በአቋራጭ አውቶቡስ ይኖር ይሆናል" ብላችሁ ገጠር ውስጥ አትግቡ። ጋር ደ ሌስት ስትደርሱ ከ11:00 ካለፈ ጉዞውን ለሌላ ቀን አድርጉት።

አርፍጄ 12:00 ላይ ደረስኩ። ዳገቱን ሳትወጡ በፊት ታችኛው ከተማ ምሳ ብሉ። ከዚያ ዋሻ፣ ግንብ፣ ቅጥር። ትርኢቱን ተዉት።

ዋሻው ሞልቷል። የቀኑን የመጨረሻ ቡድን ጠይቁ። ሰዓቱ ከባቡራችሁ ጋር ከተጋጨ ያ በመጠባበቂያነት የያዛችሁት ቀጣዩ ባቡር አሁን ይጠቅማል።

ዘነበ። ቅደም ተከተሉን ገልብጡ፦ ዋሻ፣ ጎተራ፣ ሙዚየም፣ ቤተ ክርስቲያን አስቀድሙ፤ ቅጥሩን ዝናቡ ሲያባራ። ትርኢቱ ሜዳ ላይ ስለሆነ ሊሰረዝ ይችላል፣ ቲኬታችሁን አትጣሉ፣ ምን እንደሚያደርጉላችሁ መስኮቱ ላይ ጠይቁ።

ምሳ አመለጠኝ። ምግብ ቤት በመፈለግ አንድ ሰዓት አታጥፉ። ክሬፕ የሚሸጥ ቤት ወይም ሻይ ቤት ከሰዓት በኋላም ይሠራል። ያም ከጠፋ ታች ወርዳችሁ ዳቦ ቤት፤ አብዛኛው ከምሳ እረፍት በኋላ እንደገና ይከፍታል።

ካርዱ በሩ ላይ ቀይ አበራ። በላዩ አትዝለሉ፣ ከሰው ኋላም ተጣብቃችሁ አትለፉ። ማሽኑ ላይ አስቀምጡትና ምን እንደቀረው እዩ። ቲኬት እያለው ካልሠራ ሠራተኛውን ጥሩ፤ ሠራተኛ ከሌለ በሩ አጠገብ ያለውን የጥሪ ቁልፍ ተጫኑ።

አንድ ሰው ታመመ ወይም ወደቀ። 112 ደውሉ፤ በእንግሊዝኛም ይመልሳሉ። የሕክምና አምቡላንስ በቀጥታ 15 ነው። የቆማችሁበትን ቦታ ስም፣ ለምሳሌ "ፖርት ሳን ዣን፣ ፕሮቫን"፣ መጀመሪያ ተናገሩ።

የመጨረሻው ባቡር አመለጠኝ። ጣቢያው ላይ አትቆዩ። ወዲያው በስልክ የሆቴል ክፍል ፈልጉና ደውሉ፤ ትንንሽ ሆቴሎችና የእንግዳ ማረፊያዎች መቀበያቸውን ማታ በጊዜ ይዘጋሉ፣ ዘግይታችሁ ከሆነ የበሩን ኮድ በስልክ ይሰጧችኋል። ፓሪስ ድረስ በታክሲ መሄድ ከክፍሉ ዋጋ በብዙ ይበልጣል።